ሐይቁ ዳር የጠፉት ሴኮንዶች፦ «ፍራንከንስታይን» ተቆርጦ በካሴት የተመለሰበት ታሪክ

አንዲት ትንሽ ልጅ ሐይቅ ዳር ከድመቷ ጋር ትጫወታለች። አባቷ ወጥመዶቹን ሊያይ ትቷት ሄዷል። ቁጥቋጦው ይከፈትና አንድ ግዙፍ ፍጡር ብቅ ይላል፤ ግንባሩ እንደ ሣጥን የተጠረበ፣ አንገቱ ላይ ግራና ቀኝ ብረት የተሰካበት፣ የኮቱ እጅጌ ያጠረው። ያየው ሰው ሁሉ የሸሸውን ይህን ፍጡር ልጅቷ አትሸሸውም። ማሪያ እባላለሁ ትለዋለች፤ አብሯት እንዲጫወት ትጠይቀውና እጁን ይዛ ውኃው ዳር ትወስደዋለች። አበባ ታካፍለዋለች። አበባዎቹን እየወረወሩ እንደ ጀልባ ሲንሳፈፉ ያያሉ። ፍጡሩ ይስቃል። ከተፈጠረ ጀምሮ ሲስቅ ስናየው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ አበባው ያልቃል። ባዶ እጁን ያያል። ልጅቷን ያያል። እጆቹን ወደ እርሷ ይዘረጋል።

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት በነበረው ካሴት ትዕይንቱ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነበር። አሜሪካ የሚኖር ዘመዳችን ከቴሌቪዥን የቀዳው ካሴት ነው፤ በየመሃሉ ማስታወቂያ ያለበት፣ የእኛ ዴክ መልቲ ሲስተም፣ ማለትም የየአገሩን የቀረጻ ዓይነት የሚያነብ፣ ባይሆን ኖሮ ጭራሽ የማይታይ። ከተዘረጉት እጆች ቀጥሎ የሠርግ ሽር ጉድ ይመጣል። ፍጡሩ በመስኮት ሙሽራዋ ክፍል ይገባል፤ ሙሽራዋ ትጮኻለች። ትንሽ ቆይቶ የማሪያ አባት የልጁን ሬሳ ታቅፎ፣ ዓይኑ ፈዞ፣ በሚጨፍረው ሕዝብ መሃል ቀስ እያለ ይመጣል። የልጅቷ አንዱ ካልሲ ወደ ታች ወርዷል። እሱ ባለፈበት ሁሉ ጭፈራው ይቆማል።

እናቴን «ምን አድርጓት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። አልመለሰችልኝም። ተነሥታ ካሴቱን ከዴኩ አወጣችው። የሰጋችው ምን እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የሰጋችው ነገር ፊልሙ ውስጥ እንዳልነበረ ያወቅኩት ደግሞ ከዚያም ቆይቼ፣ ሙሉውን ቅጂ በዲቪዲ ያየሁ ዕለት።

ስለዚያ ቁራጭ ላለፉት ብዙ ዓመታት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ። ማን እንደቆረጠው፣ ለምን እንደቆረጠው፣ እንዴትስ እንደተመለሰ እዚህ ላስቀምጠው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመቀሱ በፊት

በ1931 መጀመሪያ ላይ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ በ«ድራኩላ» ጥሩ ገንዘብ አግኝቶ ነበርና ሌላ አስፈሪ ታሪክ ፈለገ። «ፍራንከንስታይን»ን እንግሊዛዊው ጄምስ ዌል ዳይሬክት አድርጎ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ለሕዝብ ወጣ። ርዝመቱ ወደ 70 ደቂቃ ነው። የታሪኩ ምንጭ ሜሪ ሼሊ በ20 ዓመቷ፣ በ1818 ያሳተመችው ልብ ወለድ ቢሆንም ፊልሙ ከመጽሐፉ ብዙ ርቋል። የሐይቁ ትዕይንት ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ፍጡሩ ወንዝ ውስጥ የወደቀች ልጅ ዘሎ ገብቶ ያወጣታል፤ ነፍስ ሊዘራባት ሲታገል የደረሰ ሰው ግን ልጅቷን ይነጥቀውና በጠመንጃ ያቆስለዋል። በፊልሙ ነገሩ ተገልብጧል፤ አዳኙ አስጣሚ ሆኗል። የሁለቱም ልብ ግን አንድ ነው፦ ፍጡሩ ክፉ አላሰበም፣ ያየው ሰው ደግሞ ሳይጠይቅ ይፈርዳል።

ፍጡሩን የተጫወተው ለንደን ተወልዶ ያደገው ቦሪስ ካርሎፍ ነው፤ የትውልድ ስሙ ዊሊያም ሄንሪ ፕራት። ያን ጊዜ 43 ዓመቱ ነበር፤ በብዙ ፊልሞች ውስጥ ቢሠራም ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። በፊልሙ መክፈቻ የተዋንያን ዝርዝር ላይ በስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተቀምጧል። የሜካፕ ባለሙያው ጃክ ፒርስ ያንን ፊት ለመሥራት በየቀኑ ወደ አራት ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ካርሎፍ ግን በወንበሩ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ዓይኖቹ ገና አሁን ለተፈጠረ ፍጡር በጣም ንቁ መሰሉትና ሽፋናቸው በሰም እንዲከብድ ሐሳብ ያቀረበው እሱ ነው። አፉ ውስጥ የነበረውን ሰው ሠራሽ ጥርስ አውልቆ አንድ ጉንጩን አጎደጎደው። ይህን የማነሣው ለዝና አይደለም። የሐይቁ ዳር ትዕይንት ሙሉ በሙሉ በዚያ ፊት ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ነው። ፍጡሩ ቃል አይናገርም፤ ደስታውንም ድንጋጤውንም የምናነበው ከፊቱና ከእጆቹ ነው።

ትዕይንቱ የተቀረጸው ከሎስ አንጀለስ ወጣ ብሎ በሚገኘው ማሊቡ ሐይቅ ነው። ማሪያን የተጫወተችው ማሪሊን ሃሪስ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ካደገች በኋላ ስትናገር፣ ወደ ሐይቁ ሊሄዱ መኪኖች በተሰለፉበት ሰዓት ሜካፑን ለብሶ የቆመውን ካርሎፍን ሌሎቹ ሲሸሹት እሷ ሮጣ እጁን ይዛ አብሬህ ልሂድ እንዳለችው ታስታውሳለች። ፊልሙ ውስጥ ማሪያ የምታደርገውን ልጅቷ ቀድማ በሕይወት አደረገችው ማለት ነው። የመጀመሪያው ውርወራ ለዌል ስላልጣመው እንደገና ውኃ እንድትገባ ሲለምናት የፈለገችውን እንደሚሰጣት ቃል ገባላት። እናቷ ምግቧን ትቆጣጠርባት ነበርና የጠየቀችው አንድ ደርዘን የተቀቀለ እንቁላል ነው። ሁለት ደርዘን ሰጣት።

ካርሎፍ ግን በዚያ ውርወራ ደስተኛ አልነበረም። ቆይቶ እንደተናገረው፣ በእሱ ሐሳብ ፍጡሩ ልጅቷን እንደ አበባዋ ሊያያት፣ በቀስታ አንሥቶ ውኃው ላይ ሊያስቀምጣት፣ ስትሰጥም ደግሞ ሊደነግጥ ይገባ ነበር። ዌል ከፍ አድርጎ እንዲወረውራት አዘዘው። ካርሎፍ ይህ ሆነ ተብሎ የተደረገ ጭካኔ ያስመስለዋል ባይ ነበር። እኔ ትዕይንቱን ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ግማሹን እስማማለሁ። ውርወራው ሻካራ ነው። ከውርወራው በኋላ ያለው ግን ሁሉንም ይለውጠዋል፦ ፍጡሩ ውኃውን በእጁ ይቀዝፋል፣ ልጅቷን ይፈልጋታል፣ አትንሳፈፍም። ከዚያ እጆቹን እያርገፈገፈ፣ በገዛ እጆቹ እንደፈራ ሰው፣ በቁጥቋጦው ውስጥ እየተደናበረ ይሸሻል።

መቀሱ

ቆራጩ አንድ ሰው አልነበረም። በ1931 በአሜሪካ የተለያዩ ግዛቶች የየራሳቸው የሳንሱር ቦርድ ነበራቸው። ማሳቹሴትስ፣ ፔንሲልቬኒያና ኒው ዮርክ የልጅቷን ወደ ውኃ መወርወር ያኔውኑ አስወጡት። ካንሳስ 32 ቦታ እንዲቆረጥ ጠየቀ፤ የተባለው ሁሉ ቢቆረጥ የፊልሙ ግማሽ ያህል በጠፋ ነበር። ይህ ሁሉ ግን በየግዛቱ በሚዞረው ቅጂ ላይ የሚደረግ ነው። ካንሳስ የሚታየው ቅጂ ቢቆረጥ ሆሊውድ ያለው፣ ቅጂዎቹ ሁሉ የሚታተሙበት ዋናው ኔጋቲቭ አይነካም።

ዋናው ጉዳት የደረሰው ቆይቶ ነው። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች በ1930 ራሳቸው የተቀበሉት የሥነ ምግባር ደንብ በ1934 አጋማሽ ጥርስ አወጣ። በጆሴፍ ብሪን የሚመራ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ማኅተሙን ያላገኘ ፊልም በትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች መታየት አቆመ። ደንቡ ለአዲስ ፊልም ብቻ አልነበረም፤ የቀድሞ ፊልም ዳግም ሊወጣ ሲልም ማኅተም ያስፈልገዋል። በ1938 አንድ የሎስ አንጀለስ ሲኒማ ቤት «ድራኩላ»ንና «ፍራንከንስታይን»ን በአንድ ትኬት ሲያሳይ ሕዝቡ መንገድ ሞልቶ ተሰለፈ፤ ዩኒቨርሳልም ነገሩን አይቶ ሁለቱን ፊልሞች በመላ አገሪቱ ዳግም ለቀቃቸው። ታዳሚው ያን ጊዜ ያየው ግን በ1931 የታየውን «ፍራንከንስታይን» አልነበረም። ለዳግም ፈቃዱ ሲባል ስቱዲዮው ከራሱ ኔጋቲቭ ላይ ቆርጦ ነበር።

ከኔጋቲቭ መቁረጥ ከመጽሐፍ ላይ ገጽ እንደመቅደድ አይደለም፤ የማተሚያውን ፊደል እንደማቅለጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚታተም ቅጂ ሁሉ ጎዶሎ ሆኖ ይወለዳል። በዚያ ላይ የዘመኑ ፊልም በናይትሬት የተሠራ፣ በቀላሉ የሚነድና በራሱ ጊዜም የሚበሰብስ ነው። ተቆርጦ የወደቀውን ቁራጭ ደግሞ ማንም ለትውልድ አላስቀመጠውም።

አራት ነገር ሄደ። ጎባጣው ረዳት ፍሪትዝ በሰንሰለት የታሰረውን ፍጡር በችቦ የሚያሠቃይበት ክፍል አጠረ። መርፌ ሲወጋ በቅርብ የሚታይበት ምስል ወጣ። ፍጡሩ ነፍስ ሲዘራ የሠራው ሳይንቲስት ሄንሪ ፍራንከንስታይን በደስታ አብዶ «አምላክ መሆን ምን እንደሚመስል አሁን ገባኝ!» የሚለው ቃል ላይ ነጎድጓድ ተደረበበት፤ አፉ ሲንቀሳቀስ እናያለን፣ የምንሰማው ግን ነጎድጓዱን ነው። አራተኛው የማሪያ መስጠም ነው።

እነዚያ ሳንሱሮች ሞኞች ነበሩ ማለት አልፈልግም። የልጅ ሞት በሸራ ላይ ማየት ለማንም ከባድ ነው፤ ትዕይንቱን ባለዋናው ተዋናይ እንኳ ጨካኝ ብሎታል። የአምላክ ስም እንዲያ ሲጠራ የሚሰቀጠጠው ተመልካችም እውነተኛ ሰው ነው፤ እኛም ቤት ቢሆን ድፍረት ነው የሚባለው። ችግሩ ያለው መቀሱ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው። የልጅቷን ሞት አላስወጡትም፤ ሬሳዋ አሁንም በአባቷ ክንድ ላይ ይመጣል። ያስወጡት የሞተችበትን ምክንያት ነው።

ሳይታይ የቀረው ሲታሰብ

በተቆረጠው ቅጂ ከተዘረጉት እጆች እስከ ሬሳው ያለውን ክፍተት ተመልካቹ ራሱ እንዲሞላው ይተዋል። መሃል ላይ ደግሞ ፍጡሩ የሙሽራይቱ መኝታ ክፍል ሲገባ አይቷል። ካልሲዋ የወረደ ሕፃን ልጅ አይቷል። ከዚህ ምን እንደሚደመደም መናገር አያስፈልገኝም፤ እናቴ ካሴቱን ያወጣችው ለዚያ ነው። በሳንሱር የተወገደው አሳዛኝ አደጋ ነው፤ በቦታው የተተካው በሰው ልብ ውስጥ ያለ፣ ከአደጋው እጅግ የከፋ ነገር ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ልጅቷ ስትሰጥም ሐይቁ ዳር ማንም አልነበረም። አባትየው አላየም። ልጄ ተገደለች ብሎ ወደ ከንቲባው ሲመጣ የሚናገረው ከሬሳዋ ተነሥቶ የገመተውን ነው። የመንደሩ ሕዝብም ችቦ አንሥቶ፣ ውሻ ለቆ፣ ተራራና ሐይቅ አስሶ ፍጡሩን ንፋስ ወፍጮ ውስጥ የሚያቃጥለው በዚያ ግምት ነው። በሙሉው ቅጂ ሐይቁ ዳር አንድ ምስክር አለ፤ እሱም ተመልካቹ ነው። ሕዝቡ የማያውቀውን እሱ ያውቃል፤ ችቦው ሲነድ ልቡ ለሁለት ይከፈላል፣ ለልጅቷም ለፍጡሩም ያዝናል። ቁራጩ ሲወጣ ምስክሩ አብሮ ወጣ። ተመልካቹ ከአባትየው የተሻለ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ ከችቦ ያዦቹ አንዱ ይሆናል። ያው ፊልም፣ ያው ተዋናይ፣ ያው ፍጻሜ ሆኖ ትርጉሙ ተገለበጠ።

ይህ የእኔ ብቻ ስሜት እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። ስፔናዊው ቪክቶር ኤሪሴ በ1973 በሠራው «የንብ ቀፎው መንፈስ» የተባለ ፊልም ውስጥ፣ ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ማግስት በአንድ የካስቲያ መንደር «ፍራንከንስታይን» ይታያል። አና የምትባለው ትንሽ ልጅ አበባው ሲወረወር ታያለች፣ ቀጥላ ሬሳውን ታያለች፣ መሃሉ የለም። ከዚያ እህቷን ትጠይቃታለች፦ ልጅቷን ለምን ገደላት? እሱንስ ለምን ገደሉት? የኤሪሴ ፊልም ሙሉ በሙሉ ከዚህ ጥያቄ የሚወጣ ነው። ያንን ትዕይንት ስመለከት እኛ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ የጠየቅኩት ትዝ አለኝ። ጥያቄውን የጠየቅነው መልሱ ስለተቆረጠ ነው።

እንዲህም ሆኖ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ዓለም የሚያውቀው «ፍራንከንስታይን» ይኸው ነበር። በ1957 ስክሪን ጄምስ የተባለው ድርጅት የዩኒቨርሳልን 52 ፊልሞች «ሾክ!» በሚል ስም ጠቅልሎ ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሲያከራይ ፊልሙ በየሳሎኑ ገባ፤ አንድ ሙሉ ትውልድ በሌሊት ፕሮግራም እያየው አደገ። ዌል በዚያው በ1957 አረፈ። ካርሎፍ በ1969። የሄንሪን ቃል የተናገረው ኮሊን ክላይቭማ ገና በ1937 ሞቷል። ሦስቱም ሥራቸው ሙሉ ሆኖ ሲመለስ አላዩም።

በካሴት መመለስ

አሁን የታሪኩ እንግዳ ነገር ይመጣል። ቁራጩን የመለሰው የቆረጠው ስቱዲዮ ራሱ ነው፤ ያስመለሰው ደግሞ ያው ስቱዲዮ ሊያስቆመው ፍርድ ቤት የሄደበት መሣሪያ።

በ1976 ዩኒቨርሳል ከዲዝኒ ጋር ሆኖ ሶኒን ከሰሰ። ክሱ ቤታማክስ የተባለው የቪዲዮ መቅጃ ሰው ከቴሌቪዥን ላይ ፊልም እንዲቀዳ ስለሚያስችል የባለቤትነት መብታችንን ይጥሳል የሚል ነው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጃንዋሪ 1984 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ለሶኒ ተፈረደ፦ ሰው በኋላ ለማየት ቤቱ መቅዳቱ ሕገ ወጥ አይደለም። የዘመዳችን ካሴት በዚያ ፍርድ ጥላ ሥር የተቀዳ ነው ማለት ነው። የዩኒቨርሳል ባለቤት ኤም ሲ ኤ በሌላ በኩል ሰው መቅዳት የማይችልበትን፣ ገዝቶ ብቻ የሚያየውን ሌዘር ዲስክ ከ1978 ጀምሮ ገበያ አውጥቶ ነበር።

ለምን ሲኒማ ቤቱም ቴሌቪዥኑም ያላደረጉትን የቤት ቪዲዮ አደረገው? እኔ የማየው እንዲህ ነው። ሲኒማ ቤት የቆየ ፊልም የሚያሳየው ለጥቂት ቀን ነው፤ ለዚያ ብሎ አገር ላገር ቁራጭ የሚፈልግ የለም። ቴሌቪዥን ጣቢያው በጥቅል የተከራየውን ያሳያል፤ እንዲያውም ለማስታወቂያ ቦታ ሲል ከዚያው ላይ ይቀንሳል። ካሴትና ዲስክ ሲመጣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልሙን የሚገዛው ተመልካቹ ሆነ። ገዢው መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ደጋግሞ ያየዋል፣ ያቆመዋል፣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ስለ ርዝመቱ ይጠይቃል። ለጎዶሎ ዕቃ ሁለት ጊዜ አይከፍልም፤ ለሙሉው ግን ጎዶሎውን አስቀድሞ የገዛም ቢሆን እንደገና ይከፍላል። ጥቅም የሌለበት ነገር ነው አልልም። ጥቅሙ ግን በዚህ ጉዳይ ፊልሙን ጠቅሞታል።

የማሪያ ቁራጭ የተገኘው በብሪታንያ ብሔራዊ የፊልም ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው። የራሱ አገር የጣለውን የሌላ አገር ቤተ መዛግብት ይዞት ቆየ። በ1986 ኤም ሲ ኤ ዩኒቨርሳል የታደሰውን ቅጂ በሌዘር ዲስክና በቪ ኤች ኤስ አወጣ፤ ሐይቁ ዳር ያለው ውርወራ፣ የፍሪትዝ ችቦና መርፌው ተመለሱ። ማሪሊን ሃሪስ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች፤ በሰባት ዓመቷ ሁለት ጊዜ ውኃ የገባችበት ሥራ ከ55 ዓመት በኋላ እንደገና ለሕዝብ ታየ። ፊልሙ በ1991 በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሥር ባለው ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ለጥበቃ ሲመረጥ ታዲያ የሐይቁ ትዕይንት ተመልሶለት ነው የደረሰው።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ የሄንሪ ቃል። ምስል ከሌላ ቅጂ ተገኝቶ ይቀጠላል፤ ድምፅ ላይ የተደረበ ነጎድጓድ ግን በቀላሉ አይነሣም። በ1999 በወጣው የመጀመሪያው ዲቪዲ ላይ ቃሉ በከፊል ተመለሰ፣ ጥራቱ ግን ደካማ ነበር። መፍትሔው የመጣው ከሸክላ ነው። በ1931 ሁሉም ሲኒማ ቤት ድምፁን ከፊልሙ ጠርዝ ላይ የሚያነብ ማሽን አልነበረውም፤ አንዳንዱ አሁንም ድምፁን ከትልቅ ሸክላ ያጫውት ነበር። ስለዚህ የአንዳንድ ፊልሞች ድምፅ ቫይታፎን በሚባለው ዓይነት ሸክላም ይዘጋጅ ነበር። ሳንሱሩ ኔጋቲቩ ላይ ነጎድጓድ ሲደርብ ሸክላውን የነካው የለም። ከእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ የኮሊን ክላይቭ ድምፅ ጥርት ብሎ ተገኘና በዘመኑ የድምፅ ማስተካከያ ስፌቱ እንዳይታወቅ ተደርጎ ገባ። ዛሬ ሰውየው አፉን ሲከፍት ቃሉን እንሰማዋለን።

የቀሩትን እትሞች በፍጥነት ልለፍ፦ በ2004 ከተከታዮቹ ፊልሞች ጋር የተጠቀለለ ዲቪዲ፣ በ2006 የ75ኛ ዓመት እትም፣ ስቱዲዮው 100 ዓመት በሞላው በ2012 ብሉ ሬይ፣ በ2021 ፎር ኬ። እያንዳንዱ ከፊተኛው ጠርቷል። ከሌላ ቅጂ የመጣ ቁራጭ ሲቀጠል ብዙውን ጊዜ ይለያል፤ ይደበዝዛል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን «እዚህ ተሰፍቷል» ይላል። በኋለኞቹ እትሞች ላይ የሐይቁ ትዕይንት ከዙሪያው ጋር ተስማምቶ ስለሚታይ አዲስ ተመልካች አንድ ጊዜ ጠፍቶ እንደነበር አይጠረጥርም። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይህ ነው።

የ«ፍራንከንስታይን» ዕጣ ብቸኛ አይደለም። በ1954 የተሠራው የጃፓኑ «ጎጂራ» (ጎድዚላ) ለአሜሪካ ገበያ ተቆራርጦ፣ ሬይመንድ በር የሚባል የሆሊውድ ተዋናይ የተጨመረበት ሆኖ በ1956 ወጣ፤ የጃፓንኛው ዋና ቅጂ በአሜሪካ በዲቪዲ የተሸጠው በ2006 ነው። በዚያ የተቆረጠው ሰፋ ያለ ነው፤ ከአቶሚክ ቦምብ ጋር የተያያዘው ሐዘን ብዙው ተነሥቷል። የ«ፍራንከንስታይን» ጉዳይ የሚለየው በትንሽነቱ ነው። ከ70 ደቂቃ ውስጥ ጥቂት ሴኮንድ ወጥቶ የፍጡሩ ማንነት ተለወጠ።

በእኛ ተረት ጭራቅ ልጅ ይበላል፤ ስሙ ከተጠራ ሌላ ማብራሪያ አይፈለግም። የካርሎፍን ፍጡር በአማርኛ ሲያወሩ ጭራቅ ከሚሉት አንዱ እኔም ነበርኩ። ሙሉውን ካየሁ ወዲህ ቃሉ አፌ ላይ አልመጣ ብሎኝ ፍጡር እያልኩ ነው የምጽፈው።

ብሉ ሬዩን ያገኘሁ ጊዜ እናቴን ሐይቁ ዳር ያለውን ብቻ ላሳይሽ አልኳት። ፊልሙን አስታወሰችው፤ ያኔ እንዳቋረጠችብኝም አልረሳችም። መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች። አበባው አለቀ፣ እጆቹ ተዘረጉ፣ ልጅቷ ውኃው ውስጥ ገባች። ፍጡሩ ውኃውን ሲቀዝፍ፣ ከዚያ እጆቹን እያርገፈገፈ ሲሸሽ ዝም ብላ አየች።

«አላወቀም እኮ» አለች። «አበባ መስላው ነው።»

ላጠፋው ሪሞቱን ሳነሣ ከእጄ ወሰደችው። ወፍጮው እስኪቃጠል ድረስ አየነው።